የወረታ ጠላ ዳኛ አጣ

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት ወደ አገሬ ወደ ወረታ በገባሁ ማግሥት፣ ከመገንጠያው አጠገብ ካለ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ አራት የዩኒቨርሲቲ ባልንጀሮቼን አገኘኋቸው። በፊታቸው አሥራ ሁለት ባዶ ጠርሙስ ተደርድሯል። ክርክርም ይዘዋል። የክርክሩ ርእስ ዳሸን ይሻላል ወይስ ሐበሻ፣ ጊዮርጊስ ይበልጣል ወይስ ዋልያ የሚል ነበር። አንዱ ስለ ምሬቱ፣ ሁለተኛው ስለ አረፋው፣ ሦስተኛው ስለ ቅዝቃዜው እንደ ሊቅ ያስረዳል፤ አራተኛው ደግሞ ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል። ጥቂት ካዳመጥሁ በኋላ፣ «ከዚህ ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ከግንቡ ኋላ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት አለ። የዚያ ቤት ጠላ የምን እህል ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አራቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከአራቱ ሦስቱ የፎገራ ልጆች ናቸው፤ የሚያውቅ ግን አንድ ስንኳ አልተገኘም። አንደኛውም፣ «ጠላ ጠላ ነው፤ ደግሞ ምን ዓይነት አለው?» ብሎ ሳቀ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የተሰጠ መልስ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የጠርሙስ ቢራ ጠላት አይደለሁም። ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የቢራ ፋብሪካ በአገራችን ብዙ ሰው አሠርቷል፤ ብዙ ገበሬም ገብሱን ሸጦበታል። በጎንደር ከተማ በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዳሸንም ለእኛ አካባቢ ሰው ከስሙ ጀምሮ የቤት ልጅ ያህል ነው። የማዝነው በሌላ ነገር ነው። ከእኛ መካከል ዳሸንን ከሐበሻ ዐይኑን ጨፍኖ የሚለይ ሞልቷል፤ የዳጉሳን ጠላ ከገብስ ጠላ ዐይኑን ገልጦ የሚለይ ግን እየጠፋ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጠላ ቢራ ነው። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ቢራ ማለት ከበቀለ እህል ስኳር አውጥቶ፣ በመራራ ቅጠል አጣፍጦ፣ በእርሾ አፍልቶ የሚጠጣ ነገር ማለት ነው። እህል ርሶ ሲያቆጠቁጥ በውስጡ የሚፈጠረው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ፈረንጅ ማልት የሚለው እናቶቻችን ብቅል የሚሉትን ነው። ፈረንጅ ሆፕ በሚያገባበት እኛ ጌሾ እናገባለን፤ ለጌሾ ምሬቱን የሚሰጠውም ጌሾይዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ፋብሪካ ተመርጦ የተራባ እርሾ ይጨምራል። ጠላ ጠማቂ ግን እርሾ አትገዛም፤ ከጌሾውና ከዕቃው ጋር የሚመጣው እርሾ ሥራውን ይሠራላታል። አብሮት የሚመጣው አኮምጣጭ ባክቴሪያ ደግሞ ለጠላ ያንን ጥቂት ኮምጠጥ የማለት ጠባይ ይሰጠዋል።

የአጠማመቁም ነገር እንዲሁ የዋዛ አይደለም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ጥቂት ቀን ይቆይና ብቅል ይጨመርበታል፤ ቂጣም ተቆርሶ ይገባበታል፤ ይህ ጥንስስ ይባላል። ቀጥሎ ዱቄቱ በውሃ ታሽቶ በምጣድ ላይ ይበስልና እንኩሮ ሆኖ ይገባል፤ ይህም ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይመረጋል፤ እንደ ቤቱ ልማድ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይቀዳል። ሳይጠል የሚጠጣው ጉሽ ነው፤ ዋናው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ነው፤ የመጨረሻው አተላ ደግሞ ለከብት ይሰጣል። የአልኮሉ መጠን እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 8 በመቶ የሚደርስ ስለሆነ፣ አንዱ ጠላ ከውሃ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ሌላው ከጠርሙስ ቢራ የሚበረታ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ይህን ሁሉ ልዩነት በአንድ ስም ጠቅልሎ «ጠላ ጠላ ነው» ማለት፣ በግ ከፍየል ሳይለዩ እረኛ ነኝ ማለት አይደለምን?

ባልንጀሮቼን በክርክር ብቻ መርታት አልፈለግሁም። በማግሥቱ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ፣ ከአራቱ አንዱን፣ ያንኑ የሳቀውን አስከትዬ ወጣሁ። ከእያንዳንዱ ቤት ከአንድ ጣሳ በላይ ላንጠጣ ተማማልን። ያየነውንና የቀመስነውን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ያው ከሆቴሉ ኋላ ያለው ቤት ነው። ጠላው የዳጉሳ ነው፤ ጥቂት በቆሎ አለበት። መልኩ እንደ ገጠር ወንዝ በክረምት ቀላ ጠቆር ያለ ነው። የቀረበልን ጉሽ ሲሆን በምላስ ላይ ወፈር ይላል። መጀመሪያ የተቆላ እህል ጣዕም፣ ቀጥሎ የወይራ ጢስ፣ በመጨረሻ ቀስ ብሎ የሚመጣ የጌሾ ምሬት ይሰማል። ሆድ ይሞላል፤ ከሥራ ለመጣ ሰው ምሳም መጠጥም ነው። ጉድለቱ ጌሾው በዝቶ ጉሮሮ ላይ መቆየቱ ነው። ባልንጀራዬ ጣሳውን አስቀምጦ፣ «ይህማ የጢስ ጣዕም አለው» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ጠላ ሲጠጣ ጢሱን ያስተዋለው ያን ቀን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ቤት ነው። ባለቤቷ የፋርጣ ተወላጅ ስለሆነች ገብሱን ከደጋው ታስመጣለች፤ ገብሱንም ጠቆር እስኪል ታምሰዋለች። ጠላው የጠለለ ነው፤ በብርጭቆ ሲታይ የቡና ስልቅ መልክ አለው። ኮምጣጣነቱ ትንሽ፣ ምሬቱ የተመጠነ፣ ኃይሉ ግን የተደበቀ ነው፤ ሲጠጡት ለስላሳ ነው፤ ሲነሡ ግን ጉልበት ይይዛል። ይህንን ጠላ ማንኛውም የውጭ አገር ቢራ ቀማሽ ቢቀምሰው ስሙን በደብተሩ ይጽፍ ነበር።

ሦስተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው በኩል ያለ ቤት ነው። የዚህ ቤት ጠላ የሩዝ ነው። እዚህ ላይ ስለ ሩዙ ጥቂት መናገር ይገባኛል።

ፎገራ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት ሜዳ ነው። ጥንት ሜዳው በፎገራ ላምና በሬ የታወቀ ግጦሽ ነበር፤ ውሃ የሚተኛበት መሬትም ለእህል እምብዛም አይመችም ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሩዝ መሞከር ጀመሩ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ጅግና ከተባለው ቀበሌ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ለእህል የማይመች ይባል የነበረው ውሃማ መሬት የአገራችን ዋና የሩዝ አገር ሆነ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ፎገራ ላይ ተቋቋመ። ይህን ሁሉ በክፍላችን ተምረናል። ያልተማርነው ግን አንድ ነገር አለ። ሩዙን እንዴት እንደሚዘሩት ገበሬዎቹን ባለሙያ አሳይቷቸዋል፤ ሩዙን ከጤፍ ደባልቃ እንጀራ ያደረገችው፣ ከብቅልና ከጌሾ አገናኝታም ጠላ ያደረገችው ግን የፎገራ ሴት ናት። እንኩሮው ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ፣ ብቅሉ ምን ያህል ቢጨመር እንደሚበቃ፣ በስንተኛው ቀን ቢቀዳ እንደሚሻል፣ በቤቷ፣ በእህሏና በኪሣራዋ ሞክራ ደረሰችበት። ይህ ምርምር ካልሆነ ምርምር ምንድን ነው? ስሟ ግን በየትኛው መጽሔት ላይ ወጣ?

ወደ ጠላው ልመለስ። ባለቤቷ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ እናት ናቸው። በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ከጠመቁት ቀዱልን። መልኩ ነጣ ያለ፣ ቀጭን፣ ሲጠጡት ቀዝቀዝ የሚያደርግ ነው። ኮምጠጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም፤ ጣዕሙ በር ላይ ሰላምታ ሰጥቶ ወዲያው እንደሚሄድ እንግዳ ነው። ባልንጀራዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሩዝ ለጠላ አይሆንም ማለት ነው» አለ። እኔም በደብተሬ ላይ ይህንኑ ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁ።

እሳቸው ሰሙን። ጥቂትም ዝም ብለው ቆዩና፣ «አየ ልጀ፣ ሩዙ ምን በደለ?» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። በሽክና ሌላ ጠላ ይዘው ወጡ። «ይህን ደግሞ ቅመሱት። የማኅበሬ ነው፤ ለነገ የጠመቅሁት።»

ይኸኛውም የሩዝ ነው፤ እህሉ ያው፣ ብቅሉ ያው፣ ውሃው ያው። ነገር ግን ጠላው ሌላ ነበር። መልኩ እንደ ማር ወለላ ወርቃማ ነው። መጀመሪያ ጢሱ በአፍንጫ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጠላው ራሱ ቀላል ሆኖ ምላስን ሞልቶ ያልፋል፤ ምሬቱ ዘግይቶ ይመጣና ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። ከዳጉሳው ይልቅ የነጠረ፣ ከገብሱ ይልቅ የቀለለ ነው። ከቀመስናቸው አራቱ የበለጠው ይህ ነው ብዬ ያለ ማመንታት እመሰክራለሁ። ባልንጀራዬም ሽክናውን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው፤ ያን ቀን ሁለተኛ አልሳቀም።

«እማማ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይኸኛው በጋን ነው። ጋኑን ሦስት ጊዜ አጥኜዋለሁ። ጌሾውንም ራሴ ለቅሜ፣ በጥላ አድርቄ፣ ራሴ ወቅጨዋለሁ። ሁለት ሳምንትም ተቀምጧል። ያኛው በበርሜል ነው፤ ጢስ አላየም፤ ጌሾውም የተወቀጠ ተገዝቶ ነው፤ በአምስተኛው ቀን ቀዳሁት።»

«ታዲያ ለገበያ ይህንን ለምን አይጠምቁም?»

በጥያቄዬ የተገረሙ መሰሉ። «ማን ይከፍለኛል? የወይራው ፍልጥ ዋጋ አለው፤ ጋን ቢሰበር ሌላ የሚሠራልኝ የለም፤ ሁለት ሳምንት ማስቀመጥም ገንዘቤን አስሮ መቀመጥ ነው። ጣሳው ግን አንድ ዋጋ ነው። ሰው የሚጠይቀኝ ስንት ጣሳ ብሎ ነው እንጂ፣ የምን እህል ነው፣ ዕቃው ታጥኗል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ከእናንተ በፊት አላየሁም። ልጄም ይህን ድካም አይታ አልማርም አለች፤ እኔስ ምን ብየ ልገሥጻት?»

ወገኖቼ፣ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ጣሳው አንድ ዋጋ ነው። ጋኗን ያጠነችውም ያላጠነችውም፣ ሁለት ሳምንት የጠበቀችውም በአምስት ቀን የቀዳችውም እኩል ይከፈላቸዋል። ዳኛ በሌለበት ገበያ ድካም ኪሣራ ነው። ስለዚህ ብልኋ ሴት ያላትን ጥበብ ለማኅበርና ለተዝካር ብቻ ታስቀምጠዋለች፤ ለእኛ ግን የሚመጥነንን ትቀዳልናለች። የሚመጥነንም ያው ቀጭኑ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ የተሻለውን ለመለየት አልተጋንም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማኅበሩም የጠርሙስ ቢራ በሣጥን ሲያወርድ፣ ያቺ እናት ከነጥበባቸው ያልፋሉ፤ ልጃቸውም አልተማረችም፤ በዚያን ጊዜ «የዱሮ ጠላ የት ሄደ?» ብለን ብንጠይቅ የሚመልስልን አይገኝም።

ልብ በሉ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን መለየት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የጤፍ ነጋዴ ማኛን ከሠርገኛ፣ ነጩን ከቀዩ ይለያል፤ ዋጋውም እንደዚያው ይለያያል። ቅቤ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል አለው። ቡናችንን የምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሠለጠኑ ቀማሾች በማንኪያ እየማጉ ደረጃ ያወጡለታል። ስለ ጠላም ቢሆን ቋንቋችን ደኸይቶ አይደለም። ጉሽ፣ ቅራሪ፣ የጠለለ፣ የደረሰ፣ ያልደረሰ፣ የኮመጠጠ፣ የታጠነ የሚሉት ቃላት ከየት መጡ? እነዚህ የዳኛ ቃላት ናቸው። ዳኛው ሲጠፋ ቃሉ ብቻ ቀርቷል፤ ቃሉም ቢሆን በእኛ በተማርነው አፍ ውስጥ እየደረቀ ነው።

የቃል ጉልበት በሌላው አገር ምን እንደሠራ ለማየት ወደ እንግሊዝ መመልከት ይበቃል። በዚያ አገር ትላልቆቹ ኩባንያዎች ትንንሾቹን ጠማቂዎች እየዋጡ በየመጠጥ ቤቱ አንድ ዓይነት ቢራ ብቻ ማቅረብ በጀመሩ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 አራት ሰዎች ተሰብስበው ካምራ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። መሣሪያቸው ሌላ አልነበረም፤ ቀምሰው መናገርና የጥሩውን ቤት ስም በመጽሐፍ ማውጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ማይክል ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ (ዘፋኙ አይደለም) የዓለምን ቢራ በየዓይነቱ ለይቶ፣ ለየዓይነቱም ስም ሰጥቶ መጽሐፍ ጻፈ። ሊጠፉ የቀረቡ የአጠማመቅ ዓይነቶች ስም ካገኙ በኋላ ፈላጊ አገኙ፤ ፈላጊ ሲያገኙ ጠማቂ አገኙ። የቤልጅግ የቢራ ባህልም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ተጻፈ። የእኛስ? ኮረፌን የጎንደር ሰው፣ ቦርዴን የደቡብ ሰው፣ የዳጉሳን ጠላ የጎጃምና የፎገራ ሰው ያውቀዋል እንላለን፤ በወረቀት ላይ ግን ቀምሶ የፈረደበት ማን ነው?

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ።

አንዳንዶች፣ «ድኻ አገር ይዘን፣ ተማሪ የሚያስበው ስለ መጠጥ ነውን?» ይላሉ። በመጠጥ የፈረሰ ቤት በሰፈሬ አለ፤ የቀን ሠራተኛ ላቡን በጣሳ ለውጦ ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ ሲገባ በዐይኔ አይቻለሁ። ይህን አልክድም። ነገር ግን የሚያሰክረው ሳያስተውሉ መጠጣት ነው። የሚቀምስ ሰው ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ያስባል፤ አንድ ጣሳ ይበቃዋል። በበረንዳው ላይ የነበሩትን አሥራ ሁለት ጠርሙሶችና በማግሥቱ የቀመስናቸውን ጥቂት ጣሳዎች አስተያዩ። ከዚህም በላይ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ የተከለከለ ስለሆነ፣ ይህ ጥሪዬ ዕድሜው ለደረሰ ብቻ ነው። ለማይጠጣው፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ጥያቄውን ጠይቆ መጻፍ ምንም አይከለክለውም፤ እግረ መንገዱንም አልኮል የሌለውን ቅሪቦ ቢቀምስልን እናመሰግነዋለን።

ሌሎች ደግሞ፣ «የጠላ ቤት ንጽሕና ያጠራጥራል፤ የጠርሙሱ የታወቀ ነው» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። የጠላ ውሃ ከየት እንደተቀዳ፣ ጣሳው በምን እንደታጠበ መጠየቅ ይገባል። ግን ይህን የሚጠይቀውስ ማን ነው? ዳኛ ያለው ጠላ ንጽሕናውም ይጠየቃል። አሁን የሚጠየቅ ነገር የለምና ንጹሕ ጠማቂ ለንጽሕናዋም አንድ ሳንቲም ጭማሪ አታገኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብደኛል። ይኸውም ጠላን ስናወድስ ባለ ገንዘቡ ይሰማና፣ ጠላውን በጠርሙስ አሽጎ በሆቴል በውድ ዋጋ ይሸጠዋል፤ እማማ ግን ከእነ በርሜላቸው ይቀራሉ የሚል ነው። ይህ እንደሚሆን እፈራለሁ። ስለዚህ ነው ጠላው ብቻ ሳይሆን ጠማቂዋም በስሟ ትታወቅ የምለው። ወይን በአምራቹ ስም ይጠራል፤ መጽሐፍ በደራሲው ስም ይጠራል፤ ጠላ ግን «የጠላ ቤቱ» ይባላል እንጂ የማን እንደሆነ አይነገርም። ስም የሌለው ጥበብ ለሚወስደው ሁሉ ክፍት ነው።

ስለዚህ ለመማክርቱና ለአባላቱ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ በጀትም አይጠይቅም። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደየወረዳችን ስንሄድ አንድ ደብተር እንያዝ። ከአንድ ቤት ከአንድ ጣሳ ሳናልፍ አምስት ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ። እህሉ ምንድን ነው? ጌሾው ቅጠል ነው፣ እንጨት ነው፣ ወይስ ሁለቱም? ዕቃው ሸክላ ነው ወይስ ፕላስቲክ፤ ታጥኗልን? ውሃው ከየት ተቀዳ? በስንተኛው ቀን ወጣ? ከዚያም የቀመስነውን በቃላችን እንጻፍ፤ የጠማቂዋንም ስም በፈቃዷ እናክል። ጥሩ ሆኖ ስናገኘው ለምን ጥሩ እንደሆነ ለራሷ እንንገራት፤ ከጣሳው ዋጋም በላይ ጥቂት ጨምረን እንክፈል። ያ ጭማሪ ጉርሻ አይደለም፤ የወይራው ፍልጥና የሁለት ሳምንቱ ትዕግሥት ዋጋ ነው። የተሰበሰበውን በዚህ መጽሔት አንድ ገጽ ላይ በየሴሚስተሩ እናውጣው። የግብርና ክፍል ባልንጀሮቻችን ብቅሉን፣ የኬሚስትሪ ክፍሎቹ ጌሾውን፣ የኢኮኖሚክስ ክፍሎቹ የጣሳውን ሒሳብ ቢመረምሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከወረታ ልመለስ ስል ልሰናበታቸው ወደ እማማ ቤት ጎራ አልሁ። ባልንጀራዬ ሳልጠራው ተከትሎኝ መጣ። እሳቸውም፣ «ለኅዳር ሚካኤል ደግሞ በጋን እጠምቃለሁ። የሚለይ ሰው ይዘህ ከመጣህ አንድ ጋን ለገበያ እጨምራለሁ፤ ካልመጣህ ግን ያው በበርሜሉ ነው» አሉኝ።

እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። የሚለይ ሰው ግን አንድ ብቻ አይበቃም። ከእኔ ጋር የሚመጣው ማን ነው?